የሞክሼዎቹ ስም

ትርንጎ የበርበሬ ንግዷን በድረ ገጽ ልታወጣ አስባለች። በአዲሱ ደንብ ግን አንድን ስም የድረ ገጽ አድራሻ አድርጎ የገዛ ሰው ብቻ በዚያ ስም ይጠራል፤ ሞክሼው ሁሉ ስሙን ይለውጣል። ጎረቤቷም ትርንጎ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ «ሞክሼ» ሲባባሉ የኖሩት ሁለቱ ሴቶች ስሙን ላይገዙት ተማምለው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ትርንጎ ሞክሼዋን ከስም መዝጋቢው ቢሮ ስትወጣ አየቻት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ አለፈች። «ልትቀድመኝ ነው» ብላ ትርንጎ እየሮጠች ገባች።

«ስሙ ገና አልተሸጠም» አላት ጸሐፊው። «ቅድም የወጡት ሴትዮም ስለሱ ሲጠይቁ ነበር።»

«እንግዲያው አሁኑኑ በኔ ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ሞክሼዋ መጥታ የትርንጎ ቤት በር ላይ ቆመች። ስልኳን አሳየቻት፤ ከስም መዝጋቢው በመጣላት መልእክት ላይ ስሟ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኗል።

«ጠዋት የሄድኩት ስሙ ለማንም እንዳይሸጥ ላመለክት ነበር» አለች። «የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልጋል አሉኝ። ላስፈርምሽ ስነሳ ይሄ መልእክት መጣልኝ።»

ትርንጎ እንባዋ መጣ። «ግቢ እባክሽ...» አለች። ምን ብላ ትጥራት?