ፍጥነቱን የሚቀንሰው ጀልባ

ጣና ላይ ሞተር ጀልባዎች ለደንገል ታንኳ አይራሩም። ሽው ብለው ሲያልፉ ማዕበላቸው ታንኳውን ያንገላታዋል። ቀዩ ጀልባ ብቻ ዓሣ አስጋሪው ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ነጂውም ኮፍያውን ያወልቃል።

"ምን ፈልጎ ነው?" አለ አስጋሪው፣ አጠገቡ ለሚቀዝፈው ለጓደኛው ለሞላልኝ።

"አንተን አክብሮ ነዋ። ጨዋ ሰው አይተህ አታውቅም?"

"ሁለት ወር ሙሉ? መረቤን ሊሰርቅ ቦታዬን እያጠና ነው እንጂ።"

ሞላልኝ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። አስጋሪው ሰው ማመን የተወው ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ነው። የወንድሙ ታንኳ ከሁለት ወር በፊት ማዶ ዳር ተገልብጦ ተገኘ። ሁሉም "ነፋስ ነው" አለ። ሰውየው ሐይቁ ውስጥ የት እንደሰጠመ ያየ አልተገኘም።

በማግስቱ አስጋሪው መረቡን ሰብስቦ ከቦታው ራቅ ብሎ ቆመ። ጀልባው እዚያም ይከተለው እንደሆነ ማየት ፈለገ።

ቀዩ ጀልባ መጣ። ፍጥነቱን ሳይቀንስ በአጠገቡ አለፈ። ማዕበሉ አስጋሪውን አረሰረሰው፤ ታንኳው ሊገለበጥ ትንሽ ቀረው። መቅዘፊያውን ጨብጦ ቀና ሲል ጀልባው የአስጋሪው የቀድሞ ቦታ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያ ማንም አልነበረም።

ጀልባው ፍጥነቱን ቀነሰ። ነጂው ኮፍያውን አውልቆ ወደ ውሃው አጎነበሰ።