ቀስት የተሣለበት ጉልበት

«ታዲያ ለማን ሰጠሽው? ፍልሰታን ሙሉ ጉበት እየጠበስኩ የጎረቤት መጠቋቆሚያ ስሆን!» ነፃነት የምሳ ዕቃውን እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ወረወረችው።

ወይዘሮ ለተማርያም ጠዋት ነርሷ ለቀዶ ጥገናው ምልክት ቀኝ ጉልበታቸው ላይ በቀለም የሣለችውን ቀስት በነጠላቸው ሸፈኑት።

«ለድመቷ ነዋ!» አለ ልጃቸው እንደሻው። «እኔ ደግሞ ምን አግኝታ ነው እንደ ሙሽራ ያማረባት እላለሁ። በሉ እሷን አስተኝታችሁ ቅደዷት!»

«አፍህን ዝጋ! ደም የሚተካውን ኪኒን ማስዋጥ ያንተ ሥራ አልነበረም?»

ዶክተር ባርኮት የምርመራውን ወረቀት አጠፈ። ጉልበት የሚቀይሩትን ባልደረቦቹን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ለአንድ ሳምንት ነበር፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።

«እማማ፣ ይኼ ቀዶ ጥገና ብዙ ደም ያፈሳል» አላቸው ጎንበስ ብሎ። «መርፌ እንወጋዎታለን፣ ጭንዎን ጥብቅ አድርገን እናስራለን። ያ ሁሉ የሚፈሰውን ይቀንሳል እንጂ የሌለውን አይሞላም። ከወር በፊት ‘ደምዎ አንሷል፣ ይብሉ’ የተባሉት ለዚህ ነበር። አሁን ጭራሽ ወርዷል። ዛሬ ልንቀድዎት አንችልም።»

እንደሻው እጅጌውን ሰበሰበ። «የእኔን ውሰዱ!»

«ያንተ ብቻ አይበቃም። ተመርምሮ እስኪደርስም እኛ ሄደናል።»

«በሌላ ጊዜስ?»

«ከመጣን» አለ ዶክተሩ፤ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

«የነፍስ አባትሽ እንኳ ‘ብዪ’ ብለውሽ ነበር እኮ!» አለች ነፃነት።

የነፍስ አባታቸው ፈቀዱ፤ ለተማርያም ግን ለራሳቸው አልፈቀዱም። ጉልበታቸው ከከዳቸው ሰባት ዓመቱ ነው። ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ይደፋሉ። ስግደቱ ከቀረ፣ ቆሞ ማስቀደሱም ከቀረ፣ በእጃቸው የነበረችው ጾማቸው ብቻ ነበረች። እሷንም ጥለው «ጉልበቴን መልስልኝ» ብለው በምን አፋቸው ይለምኑ?

ነርሷ አንሶላውን መግፈፍ ጀመረች። የሌላ ሰው ስም ተጠራ። ልጆቻቸው ጭቅጭቃቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«አንተ ብትከታተላት!»

«አንቺስ ቁጭ ብለሽ ብታጎርሻት!»

ለተማርያም ምርኩዛቸውን አነሡ። የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠሙና አልጋው ራስጌ አኖሩት። ከበሩ ውጪ ደረጃው ዘጠኝ ነው፤ ቀስት ያለበትን እግር አስቀድመው፣ ደህናውን እያስከተሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ወረዱ። ከላይ የልጆቻቸው ድምፅ ይሰማል።