መዳፏ ያረፈበት

የማስታወቂያ አስተማሪው ደንብ አንድ ነበር፦ ጽሑፉን በመዳፍ ሸፍኑት፤ ያለ እሱም ዕቃው ከተሸጠ ይቆረጥ። ተመራቂዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲሞክሩት፣ በወጣትነቱ ስም ያተረፈለትን የፍራሽ ማስታወቂያ የማን እንደሆነ ሳይናገር ግድግዳው ላይ ለጠፈላቸው።

አንዷ ተማሪ ተነሥታ «እንቅልፍ አጣሁ ማለት ቀረ» የሚለውን በመዳፏ ሸፈነችው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ፍራሹ ላይ የተዘረረ ሰውዬ ብቻ ቀረ። አንዱ ከኋላ «ቀስ በሉ፣ እንዳትቀሰቅሱት!» አለና ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«አሁን ይሸጣል፣ መምህር» አለች።

አስተማሪው ራቅ ብሎ አየው፤ ቀረብ ብሎም አየው። ከዚያ መቀሱን አቀበላት።

«ግን የማን ሥራ ነው?» አለችው እየቆረጠች።

«የአንድ ለፍላፊ» አላት። ቁራጯን ከወለሉ አነሣና አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።