የጠየቀ ሁሉ ገዢ ነው

ሮሲቤል ቱሪያልባ ከተማ፣ ዶን ኤላዲዮ የመድኃኒት ቅጠል መደብር ውስጥ ነው የምትሠራው። ቅጠል ትሸጣለች እንዳትይ ግን። የሷ ሥራ ሰው ኢንተርኔት ላይ ምን ብሎ እንደሚፈልግ ማወቅ ነው። መደብሩ ድረ ገጽ አለው፤ ገጹ ላይ መፈለጊያ አለ። ሰዉ እዚያ የጻፈውን ሁሉ ሰኞ ሰኞ ታወጣና፣ ብዙ የተጠየቀውን መርጣ ስለሱ ትጽፋለች። ያን ጊዜ ገጹ ሲፈለግ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጣል።

ዶን ኤላዲዮ በዚህ ነገር የተለከፈ ሰው ነው። ጎብኚ ይብዛ ብሎ ቤቱ ያለው ስልክም ታብሌትም ገና ሲከፈት የመደብሩ ገጽ እንዲመጣ አድርጎታል። ሮሲቤልን ሲቀጥራትም ያስተማራት አንድ ነገር ነው፤ የጠየቀ ሁሉ ገዢ ነው። ሳል ብሎ የጻፈ የሳል ቅጠል ሊገዛ ነው፣ አለቀ።

አንድ ሰኞ ታዲያ ከሳሉና ከኩላሊቱ መሀል እንዲህ የሚል አገኘች፤ «ሾርባ ውስጥ ጣዕሙ የማይታወቅ የሚያስተኛ ቅጠል»። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው ብላ ሳቀች። በሳምንቱ «ቀስ በቀስ የሚያደክም ቅጠል» መጣ። በሦስተኛው ሳምንት «ሐኪም የማያገኘው መርዝ»።

ሳቋ ቆመ። ዝርዝሩ የጠያቂውን ስም አይናገርም፤ ከተማውንና ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከተማው እዚያው ቱሪያልባ ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ።

እዚያ ከተማ ውስጥ ደግሞ እየደከመ ያለ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለች። የዶን ኤላዲዮ ሚስት ዶኛ ኒድያ፣ ሮሲቤልን ያሳደገቻት የክርስትና እናቷ፣ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ዕድሜ ነው ይላሉ። ስልሳ እንኳን አልሞላትም።

ሮሲቤል ፍራፍሬ ላድርስ ብላ ቤታቸው ሄደች። ዶን ኤላዲዮ ራሱ ታማሚዋ ክፍል አስገባት፤ ሐኪሙ ብዙ አታናግሯት ብሏል ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ዶኛ ኒድያ በታብሌቷ ቅዳሴ እየሰማች ነበር። ምላሷ ከብዷል። የልጅቷን እጅ ጨብጣ አልለቅ አለች።

ሮሲቤል ስትወጣ በወጥ ቤቱ በኩል አለፈች። አስታማሚዋ ዮርሌኒ፣ ከሊሞን ከተማ የመጣችው፣ ሙሉ ሳህን ሾርባ ጓሮ ትደፋለች። ሮሲቤል ለምን እንደምትደፋው ጠየቀቻት። ቀዝቅዞ ነው አለች። ሾርባው ግን ይጨስ ነበር።

«አንቺ ኮምፒውተርሽን ጠብቂ» አለቻት ዮርሌኒ፣ ፊቷን አጥቁራ። «ድስቱን ለኔ ተዪው።»

ሮሲቤል መንገዱን ሙሉ አሰበችው። ዮርሌኒ በመጣች በወሩ ነው ጥያቄው የጀመረው። ከምሳ በኋላ ዕቃ አጥባ ስልኳን ይዛ የምትቀመጠውም እሷ ነች። ሾርባውን የምትሠራው ማን ሆነና።

በአራተኛው ሰኞ «ስንት ቀን ይፈጃል» የሚለውን ስታይ፣ ወረቀቱን ይዛ ዶን ኤላዲዮ ቢሮ ሮጠች። አራቱንም አነበበና ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ይሄን ሌላ ሰው አይቶት እንደሆነ ጠየቃት። ማንም አላየውም አለችው።

«ጎበዝ ልጅ» አላት። «በዚህ ቃል ገጽ እንዳትጽፊ። ዮርሌኒን ዛሬውኑ አሰናብታለሁ። ከእንግዲህ ኒድያን እኔው በእጄ አበላታለሁ።»

ሮሲቤል አቅፋው አለቀሰች። የክርስትና እናቷን ያተረፈቻት መሰላት።

ዮርሌኒ ሻንጣዋን እየጎተተች በመደብሩ በር ስታልፍ፣ ሮሲቤል ገና ፖሊስ ይፈልግሻል አለቻት። ዮርሌኒ አልተቆጣችም። ቆም ብላ አየቻት።

«እንግዲያው ሂጂና አንቺ አብስዪላት» አለቻትና ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ሮሲቤል ወዲያው ልትሄድ ነበር። ዶን ኤላዲዮ ግን ትንሽ ትረፍ፣ ሳምንት ትደርሻለሽ አላት። እሺ አለች።

በሚቀጥለው ሰኞ ቀለል ብሏት ዝርዝሩን ከፈተች። ሳል። ኩላሊት። የፀጉር መነቃቀል። እያፏጨች ወደ ታች ወረደች። መጨረሻው ላይ፣ ትናንት ከምሳ በኋላ የተጻፈ አንድ ቀርቷል፤

«ባሌ በእጁ ሲያጎርሰኝ ሳያውቅብኝ እንዴት ልትፋው»