ከባዱ ከፊት

ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከመኪናዋ ኋላ የታሰረው ተሳቢ መወዛወዝ ጀመረ። መሪው በምትነዳው ወጣት እጅ ላይ ቀለለ። በመስታወቱ ስታይ የቤተሰቡ መተዳደሪያ የሆነው የበርበሬ ወፍጮ ከተሳቢው የኋላ ጫፍ ላይ ሆኖ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይጎትታቸዋል። ቤት ለመቀየር ሲጭኑ እዚያ ያስደረገው አባቷ ነው። አዲስ ቤት መጀመሪያ የሚገባው የሚያበላን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደውም እሱ ነው ብሎ፣ ከዕቃው ሁሉ መጨረሻ አስጫነው።

"ፍሬን ያዢ!" አለ አጠገቧ የተቀመጠው አባቷ።

"አሁን ብይዝ ይገለብጠናል።"

"ያዢ እኮ ነው የምልሽ! ሰው አይታይሽም?" ከታች የታክሲ ሰልፍ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ጨበጠ።

"አባዬ፣ እጅህን አንሳ።"

አላነሳም፤ ግን አልሳበውም። እሷ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስታ መሪውን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ተሳቢው አንዴ በኃይል ናጣቸው፣ ሁለተኛው ቀነሰ፣ ሦስተኛው ረገበ። ያኔ ፍሬኑን በስሱ መርገጥ ጀመረች። ሰልፉ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሜትር ሲቀራቸው ጥግ ይዛ አቆመች።

"ምናለ ጠዋት ብትነግሪኝ?"

"ነግሬህ ነበር። ከባዱ ከፊት ይሁን አልኩህ።"

እሷ ወርዳ ጎማው ስር ድንጋይ ስታደርግ፣ እሱ ኮቱን አውልቆ ገመዱን ፈታ። ከሰልፉ ሁለት ሰዎች መጥተው ከፊት ያለውን ዕቃ አብረው አወረዱ። አባቷ ትከሻውን ወፍጮው ላይ አስደግፎ ወደ እሷ ዞረ።

"እሺ፣ እስከየት ነው የሚገፋው?" አላት።