የጓሮዬ ማንጎ

አንድ ጀማሪ ኩባንያ ተራራችንን መቆፈር አስቀርቶ ኒኬል የተባለውን የባትሪ ብረት በየጓሮው ዛፍ ሥሮች ማስመጠጥ ከጀመረ ወዲህ ወንዛችን ጠራ። የጓሯችን ማንጎም በየንጋቱ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ፍሬው ብረቱን ስላዘለ የባትሪ ፋብሪካ ሲሳይ እንጂ የሰው አይደለም፤ መርዝ ነዋ! እኔ ነፍሰ ጡሯ ግን እሱኑ አማረኝ።

«የገበያ ይገዛልሽ» አሉኝ አማቴ፣ እማማ አስካለ።

«የገበያው ለገበያተኛ! ያማረኝ የጓሮዬ ነው።»

«ምላስሽ! የልጅ ልጄን ልትመርዢብኝ ነው?»

«እንግዲያው ጣዕሙን ይንገሩኝ። እርስዎ በደጉ ጊዜ በልተውታል።»

ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዚያ…»

ቅጠሉ ከላያችን ተንሾካሾከ። ልጄ በሆዴ ውስጥ ተገላበጠች።

«ከዚያስ፣ እማማ?»

«ረሳሁት፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ።