ከኮርኒሱ በላይ የሚራመደው

ጣሪያ ጠጋኙ ቴሪ የተሰነጠቀውን ስስ የድንጋይ ክዳን መዝዞ ሲያወጣው የቆየ የከሰል ሽታ ፊቱን መታው። ከመሰላሉ ግርጌ ሮኒ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ላይ አንጋጧል።

«መንፈሱን አገኘኸው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ ቶሎ ድፈነውና ውረድ!»

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። የሮኒ እናት ዊኒ፣ ሌሊት ሌሊት ከአልጋዬ በላይ ሰው ይራመዳል እያሉ ከርመዋል። ልጅየው ደግሞ «እማዬ አእምሮዋ ተነክቷል» ብሎ መጦሪያ ሊያስገባቸው፣ ቤታቸውንም ሊሸጥ ተነስቷል። አእምሯቸውን የሚመረምረው ሐኪም ነገ ይመጣል። ምስኪኗ ሴትዮ ጠዋት የቴሪን እጅ ይዘው «እባክህ ስትጠግን አንድ ነገር እይልኝ» ብለው ለምነውታል።

ቴሪ ባትሪውን በቀዳዳው አስገብቶ አበራ። እነዚህ ተያይዘው የተሠሩ የሊቨርፑል ቤቶች የሚለያያቸው ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከቤቶቹ ረድፍ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጨለማ ነው። የመቶ ዓመት ጥላሸት እንደ ዱቄት ተኝቶበታል።

ጥላሸቱ ላይ የጫማ ዱካ ነበር። ስንት ሌሊት እንደተመላለሰ እግዜር ይወቀው፣ መንገድ ሆኗል። ከጫፉ ቤት ተነስቶ ከዊኒ አልጋ በላይ ያበቃል። እዚያም ሰው የተቀመጠበት ትራስ አለ።

«እማማ ዊኒ፣ ይሰሙኛል?» አለ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሰማሃለሁ የኔ ልጅ።» ድምፃቸው ከኮርኒሱ ስር ቀጥኖ መጣ።

«ጤነኛ ነዎት። የሚራመደው ሰው ነው፤ ዱካውን አይቼዋለሁ።»

«ተመስገን! ተመስገን!» አለቀሱ። «ከየት ነው የሚመጣው?»

ቴሪ ወደ ጫፉ ቤት ዞሮ አየ። ጠዋት ሮኒ የሻይ ኩባያውን ይዞ የወጣው ከዚያ ነው። መዋሸት ፈለገ፤ አልሆነለትም።

«ከሮኒ ቤት ነው።»

ከስር አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

«እኔ እኮ ስፈራ የምጠራው እሱን ነበር» አሉ ዊኒ። «‹ሮኒ፣ ልጄ፣ ድረስልኝ› ብዬ ስጮህ እርምጃው ቀጥ ይላል። ስሙ ያባረረልኝ ይመስለኝ ነበር።»